ከሲፓፕ ማስክ ጋር እስክንስማማ ድረስ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ማስኩ ፊቴ ላይ የለም። አልጋው ሥር ወድቆ ምንጣፉ ላይ አየር ይነፋል። መቼ እንዳወለቅኩት አላስታውስም። የአፍንጫዬ አጥንት ያቃጥለኛል። ተነስቼ ማሽኑን አጠፋለሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እተኛለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ሌሊቴ እንዲህ ነበር።

ይህን የምጽፈው ሲፓፕን፣ ማለትም ስንተኛ ትንፋሻችን እንዳይቆም በማስክ አየር የሚነፋውን ማሽን፣ ተቀብለው ቁም ሳጥን ውስጥ ለከተቱ ሰዎች ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ብቻ አራት ሰው አውቃለሁ። አራቱም የሚሉት አንድ ነው፦ «አልተስማማኝም።» እኔም እንደዚያ እል ነበር። በኋላ ሳየው ያልተስማማኝ ማስኩ ነበር። ማስክ ደግሞ ይቀየራል። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ሁለት ወር ባልተሰቃየሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መንከባከብ ነው። 54 ዓመቴ ነው።

ለዓመታት ድካም አይለቀኝም ነበር። ጠዋት ስነሳ ራሴን ያመኛል። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት እነሳለሁ። ስኳር መስሎኝ ተመረመርኩ፣ የለብኝም። ደም ግፊቴ በሁለት መድኃኒት አልወርድ ብሎ ነበር። ከሥራ ስመለስ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ እንቅልፍ ጣለኝ። ከኋላ የነበረው ሰው ክላክስ ሲያደርግ ነው የባነንኩት። ያን ቀን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ቤቴ የገባሁት።

አንዳንድ ሌሊት ደግሞ የሆነ ነገር አንገቴን ያነቀኝ መስሎኝ ብድግ እላለሁ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ዱካክ ነው ልጄ፣ ጸበል ተጠመቂ» አለችኝ። ተጠመቅኩ። ለልቤ ሰላም ሰጥቶኛል፣ ዛሬም እጠመቃለሁ። መታነቁ ግን አልቀረም።

ባለቤቴ እንደማንኮራፋ ያውቅ ነበር። ግን ሴት ታንኮራፋለች ማለት እኛ ዘንድ ያሳፍራል። ላለማሳፈር ብሎ ለዓመታት ዝም አለኝ። የነገረችኝ ልጄ ናት። አንድ ማታ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ በስልኳ ቀረጸችኝ። ጠዋት «ማሚ፣ ይሄን ስሚ» አለችኝ። መጀመሪያ ማንኮራፋት ይሰማል። ከዚያ ቁርጥ ይላል። ዝም። በስልኩ ላይ ሰከንዱ ሲሄድ እያየሁ ቆጠርኩ፤ 26 ደረሰ። ከዚያ ከውሃ ውስጥ እንደወጣ ሰው አየር ስስብ ይሰማል። ልጄ አጠገቤ ቆማ ታለቅስ ነበር።

ሐኪሜ ቤት ውስጥ የሚደረግ የእንቅልፍ ምርመራ አዘዘችልኝ። ደረት ላይ ቀበቶ፣ ጣት ላይ መቆንጠጫ፣ አፍንጫ ሥር ቀጭን ቱቦ ይደረጋል። አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ውጤቱ በሰዓት 34 ሆኖ መጣ። በየሰዓቱ 34 ጊዜ ትንፋሼ ይቆማል ወይም በጣም ያንሳል ማለት ነው፤ የሚቆጠረውም ቢያንስ 10 ሰከንድ የቆየው ነው። ከ5 እስከ 15 ያለው ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። ስሊፕ አፕኒያ የሚሉት ይሄ ነው። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። አንዳንዶቻችን ላይ ደግሞ የአየሩን መንገድ እስኪዘጋው ድረስ ይላላል። ሲፓፕ አየር በግፊት እየላከ መንገዱ እንዳይዘጋ ያደርጋል። አየሩ እንደ ድንኳን ምሰሶ ነው የሚሠራው።

እህቶቼ፣ ይህቺን ልብ በሉልኝ። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ይህ ችግር ሴቶች ላይ ይጨምራል። እኛ ደግሞ ሐኪም ጋ ስንሄድ ማንኮራፋታችንን አናነሳም። ደከመኝ፣ ራሴን አመመኝ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ነው የምንለው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቀራል።

ማሽኑን የሰጠኝ መሣሪያ የሚያከፋፍል ድርጅት ነው። ወጣቱ ሠራተኛ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። አፍና አፍንጫን አንድ ላይ የሚሸፍን ትልቅ ማስክ አምጥቶ ከኋላ ጠበቅ አድርጎ አሰረልኝ። ማሽኑን እንኳ አላበራውም። «ኦኬ?» አለኝ። አገጬን ይዞኛል፣ አፍንጫዬን ተጭኖኛል። «ኦኬ» አልኩት። ከኋላዬ ሰው ይጠብቃል፤ ልጁ ጥድፊያ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛዬም ሲጨንቀኝ ይጠፋብኛል። በሩብ ሰዓት ጨርሼ ወጣሁ።

ያ «ኦኬ» ይሉኝታ ነበር። አገራችን ሐኪም ፊት «አይ፣ ይሄ አልተመቸኝም» ማለት አልለመድንም። የተሰጠንን ተቀብለን፣ አመስግነን እንወጣለን።

ቤት ስጋደም ማስኩ ሌላ ሆነ። ሰው ሲተኛ ጉንጩ ወደ ጎን ይወርዳል፣ ፊቱ ቅርጹን ይቀይራል። ወንበር ላይ የተስማማ ማስክ ትራስ ላይ አይስማማም። አየሩ ከላይ በኩል እየወጣ ዓይኔ ውስጥ ይነፋል። ጠዋት ዓይኔ ቀልቶ አሸዋ የገባበት ይመስላል። አየሩን ለመዝጋት ማሰሪያውን አጠበቅኩት። ባሰበት። እንደገና አጠበቅኩት። በሳምንቱ የአፍንጫዬ አጥንት ላይ ቆስሎ ቅርፊት ያዘ። ጉንጬ ላይ የማሰሪያው ሰምበር እስከ እኩለ ቀን አይጠፋም ነበር። የምንከባከባቸው አንዲት እናት «ማን መታሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

በዚህ መሃል ስልክ ተደወለልኝ። ማሽኑ ስንት ሰዓት እንደሠራ በየሌሊቱ በኔትወርክ ይልካል። ሰዓቱ አልሞላም አሉኝ። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ቢያንስ በአንድ ተከታታይ 30 ቀን ከሌሊቶቹ 70 ከመቶው ላይ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ እንዲጠቀሙ ይፈልጋል። ከ30 ሌሊት 21 ማለት ነው። ብዙ የግል ኢንሹራንሶችም ይህንኑ ይከተላሉ፣ የእኔም እንደዚያ ነበር። ካልሞላ ማሽኑን ይወስዱታል ወይም ክፈሉ ይላሉ። ደነገጥኩ። ግን ያ ስልክ ነው የጠቀመኝ። ለሐኪሜ ደውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገርኩ፦ «ማስኩ ያሳምመኛል። ልለብሰው አልቻልኩም።»

እሷም እንቅልፍ ክሊኒክ ወዳለች የትንፋሽ ሕክምና ባለሙያ ላከችኝ። ጠና ያለች ሴት ናት። ሰላም ካለችኝ በኋላ ያለችኝ የመጀመሪያ ነገር «ጫማሽን አውልቂና አልጋው ላይ ተኚ» ነው። ገርሞኝ ተኛሁ። «እቤት እንደምትተኚው» አለችኝ። በቀኝ ጎኔ ዞርኩ። አፍንጫዬን በወረቀት መለኪያ ለካች። ትልቁን ማስክ ወደ ጎን አድርጋ አፍንጫን ብቻ የሚሸፍን ትንሽ ማስክ አመጣች። ማሰሪያዎቹን ሁሉ አላልታ ፊቴ ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ማሽኑን አበራች። ቀጥሎ ያደረገችውን ዛሬም በየማታው አደርገዋለሁ። ማስኩን ይዛ ከፊቴ ጥቂት አነሳችው። ዙሪያው ያለው ስስ ሲሊከን በአየሩ ሲነፋ ታየኝ። ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ሹልክ የሚለው አየር ወዲያው ቆመ። ማሰሪያውን ገና አልነካችውም ነበር።

«አየሽ፣ አየሩን የሚዘጋው አየሩ ራሱ ነው» አለችኝ። ሲሊከኑ ሁለት ድርብ ነው። ፊት የሚነካው ስስ ሆኖ እንዲነፋ ነው የተሠራው። ስናጠብቀው ይታጠፋል፣ በታጠፈበት በኩል አየር ይወጣል። እኛ ደግሞ ወጣ ብለን እንደገና እናጠብቃለን። የእኔ ቁስል የመጣው ከዚህ ነው። ከዚያ የታችኞቹን ሁለት ማሰሪያዎች እኩል፣ በትንሽ በትንሹ ሳበች፤ ቀጥሎ የላይኞቹን። ከማሰሪያው ሥር አንድ ጣት ማለፍ አለበት። ካላለፈ ጠብቋል። ቤት ስገባ የማሰሪያው ልክ ላይ በቀይ ክር ምልክት ሰፋሁበት። ስታጠብ ብትፈታም ልኳ አትጠፋም።

እየሠራች ስለ ማሽኑ ታሪክ አጫወተችኝ። ሲፓፕን የፈጠረው ኮሊን ሱሊቫን የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ነው፣ ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ። ዘመኑ 1980 ነው፣ በፈረንጅ። የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች ማስካቸው በየሰው አፍንጫ ልክ ይሠራና ማታ ማታ በሲሊከን ማጣበቂያ ፊታቸው ላይ ይለጠፍ ነበር። አየሩን የሚነፋው የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ሞተር ነው። እነዚያ ሰዎች ይህን ሁሉ ችለው በየሌሊቱ ያስለጥፉት የነበረው ጠዋት ላይ ያገኙት እንቅልፍ ስለሚበልጥባቸው ነው። ይሄ ወሬ እንዴት እንዳጽናናኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ማስክ ሦስት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። አፍንጫን ብቻ የሚሸፍን አለ፤ የአፍንጫ ቀዳዳ ሥር ብቻ የሚገጠም በጣም ትንሽ አለ፤ አፍና አፍንጫን አንድ ላይ የሚሸፍን አለ። በአፋቸው የሚተነፍሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ትልቁ ይሻላቸዋል። ለእኔ አፍንጫን ብቻ የሚሸፍነው ተስማማኝ። ብዙ አከፋፋዮች በ30 ቀን ውስጥ ማስክ በነጻ ይቀይራሉ። መቀበያ ቀን ላይ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ 30 ቀኔ አለፈ።

አሁን ሁለት ማስክ አለኝ። አንዱ የአፍንጫዬ አጥንት ላይ ያርፋል፣ ሌላው ከታች ነው። አንዱ ቦታ ሲቀላብኝ በሌላው ሁለት ሌሊት አሳርፈዋለሁ። ቁስሉ የዳነው በዚህ ነው። ጉንጬ ላይ ለሚያርፈው ማሰሪያ ደግሞ ካረጀ የጥጥ ቲሸርት እጅጌ ቆርጬ መጠቅለያ ሰፋሁለት። ሰምበሩ ጠፋ።

ፍርሃቱ ግን ከቁስሉ ይብሳል። ፊቴ ሲሸፈን የታፈንኩ ይመስለኝ ነበር። ልቤ ይመታል፣ ላብ ያሰምጠኛል፣ በሁለት እጄ እገነጥለዋለሁ። ባለሙያዋ «ማታ አልጋ ላይ አትታገይው፣ ቀን ተላመጂው» አለችኝ። መጀመሪያ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ድራማ እያየሁ ማስኩን በእጄ ብቻ ፊቴ ላይ እይዘዋለሁ። ማሰሪያ የለም፣ ማሽን የለም። ሲጨንቀኝ አወርደዋለሁ። አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ አሥር። በአራተኛው ቀን አሰርኩት። ከዚያ ማሽኑን አበራሁ። አየሩ ሲመጣ መሸሽ አይደለም፣ አፍን ዘግቶ ቀስ ብሎ መተንፈስ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መዝሙር ከፍቼ ለግማሽ ሰዓት ጋደም አልኩበት። ስነቃ ሁለት ሰዓት ሄዷል። ማስኩ ፊቴ ላይ ነበር። ያን ዕለት ቡና ሳፈላ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ማሽኑ ላይ ደግሞ ለዚህ የሚረዱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ራምፕ ይባላል። ግፊቱ ዝቅ ብሎ ይጀምርና እንቅልፍ እስኪወስዳችሁ ቀስ እያለ ይጨምራል። ሌላው አየር ስናስወጣ ግፊቱን የሚቀንስ ነው። ሁለቱም ከምቾት ክፍል ስለሆኑ በብዙ ማሽኖች ላይ ከስክሪኑ ማስተካከል ይቻላል። ዋናውን ግፊት ግን በራሳችሁ እንዳትነኩት። እሱ የሐኪም ትእዛዝ ነው።

ፀጉራችን። ስለዚህ የሚያወራ ሰው አላገኘሁም፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ሹሩባ ተሠርቼ የመጀመሪያ ሌሊት ማሰሪያው እየተንሸራተተ ወደ አንገቴ ወረደ። ጉንጉኑ ማጅራቴ ላይ ጎላ ብሎ ስለነበር ማሰሪያውን ይገፋዋል። አሁን ሠሪዋን ጫፉን ወደ ታች አውርጂው፣ ማጅራት ላይ አትቋጥሪው እላታለሁ። የሐር ሻሽ አድርጌ ላዩ ላይ ሳስርም ይንሸራተታል። ስስ የጥጥ ሻሽ ግን ይይዛል፣ ፀጉሬንም ከማሰሪያው ፍትጊያ ያድነዋል። ቱቦው አናት ላይ የሚገጠም ማስክም አለ። ቁጥርጥር ለሚሠሩ አይሆንም፣ ፀጉራቸውን አጭር ላደረጉ ግን በጣም ምቹ ነው።

ቅቤ የተቀባሁ ሌሊት ማሰሪያው ቅቤ ይጠጣል፣ ላስቲኩም ይላላል። ስለዚህ ቅቤ የምቀባው ጠዋት ነው፣ ማታ ታጥቤ እተኛለሁ። ፊትም እንደዚሁ ነው። ከመተኛቴ በፊት በሳሙና እታጠባለሁ፤ ክሬም አልቀባም። ወዝ ያለበት ፊት ላይ ሲሊከን አይይዝም። የደረቀውን አፍንጫ በቫዝሊን ማለስለስ ለምዶብናል። ይህን ተዉት። ሲሊከኑን ያበላሸዋል፣ በግፊት ከሚመጣ አየር ጋርም ወደ ሳንባ መግባቱ ጥሩ አይደለም። ፋርማሲ በውሃ የተሠራ የአፍንጫ ጄል አለ፣ እሱን ጠይቁ።

ወንዶች፣ ጢም ያላቸው ሰዎችም ይቸገራሉ። አፍንጫ ሥር ብቻ የሚገጠመው ትንሹ ማስክ ጢም ላይ ስለማያርፍ ሊሻላቸው ይችላል።

አፍንጫን ብቻ በሚሸፍነው ማስክ አፌ ይከፈትና አየሩ በዚያ ይወጣል። ስነቃ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቋል። አገጭን የሚይዝ ማሰሪያ ሞከርኩ፣ ለእኔ አልሠራም። ዋናው ምክንያት አፍንጫዬ መዘጋቱ ነበር። ሜሪላንድ በሚያዝያ የዛፉ ብናኝ አያስተነፍስም። ሐኪሜ የአፍንጫ ስፕሬይ አዘዘችልኝ፤ ከመተኛቴ በፊት ደግሞ አፍንጫዬን በጨው ውሃ አጥባለሁ። ለዚህ የቧንቧ ውሃ እንዳትጠቀሙ። «ዲስቲልድ» ወይም «ስቴራይል» የሚል የታሸገ ውሃ፣ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ብቻ። አፍንጫዬ ሲከፈት አፌ በራሱ ተዘጋ። የማሽኑን እርጥበትም ከፍ አደረግኩ። አፋቸውን በፕላስተር የሚያሽጉ አሉ፤ ሐኪም ሳያማክሩ ይህን ማድረግ አልመክርም።

እርጥበቱን ስጨምር ክረምት ላይ ሌላ ነገር መጣ። ሌሊት ቱቦው ውስጥ ጉርጉር ይላል፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፍንጫዬ ላይ ይንጠባጠባል። ሞቃቱ አየር ቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ውሃ ይሆናል። ማሽኑን ከኮሜዲኖው አውርጄ ከራሴ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ አደረግኩት። ቱቦውን ብርድ ልብስ ውስጥ አስገባሁት። ቆመ። የሚሞቅ ቱቦ ያላቸው ማሽኖችም አሉ። ስገላበጥ ቱቦው ማስኩን እንዳይጎትትብኝ ደግሞ ከአሮጌ ነጠላ ጥለት ቀድጄ አልጋው ራስጌ ላይ ቀለበት አሰርኩ። ቱቦው በዚያ ውስጥ አልፎ ይመጣል። ገበያ ላይ ለዚህ የሚሸጥ መስቀያ አለ። የእኔ ግን ሦስት ዓመት ሞላው።

ሆዳችሁ ጠዋት እንደ ከበሮ ተነፍቶ ከሆነ አየር እየዋጣችሁ ነው። ችሎ መኖር አያስፈልግም፣ ለሐኪማችሁ ንገሩ። የእኔን ግፊት ሐኪሟ ትንሽ ስታስተካክለው ቀረ።

እጣን። ማሽኑ የሚነፋው የክፍሉን አየር ነው። ቡና አፍልተን እጣን ያጨስን ቀን ማጣሪያው ግራጫ ይሆናል፣ ጭሱም ሌሊቱን ሙሉ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። አሁን እጣን ሳሎን ብቻ ነው፣ የመኝታ ቤቱ በር ይዘጋል። ማጣሪያውን በሁለት ሳምንት አንዴ እቀይራለሁ። ሲሊከኑን ጠዋት ጠዋት ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥቤ ጥላ ላይ አሰጣዋለሁ። በረኪና አይነካውም፣ አልኮልም እንደዚሁ። ሲሊከኑ ሲቆይ ይለሰልሳል፣ ቅርጹን ያጣል፣ ያኔ ደህና የነበረ ማስክ አየር ማስወጣት ይጀምራል። ማስኬ ከዳኝ ብላችሁ ከማማረራችሁ በፊት መቼ እንደቀየራችሁት አስቡ። ኢንሹራንስ በየጊዜው አዲስ ይሰጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለ። አንዳንድ ማስኮች ማሰሪያቸው በማግኔት ነው የሚያያዘው። ልባችሁ ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ወይም ጭንቅላታችሁ ውስጥ የብረት ነገር ካለ ቀድማችሁ ተናገሩ። አብሯችሁ የሚተኛው ሰው ላይ ቢኖርም እንዲሁ።

ባለፈው ዓመት አገር ቤት ገባሁ። ማሽኑን በእጄ ይዤ ነው የሄድኩት። በአሜሪካ ሕግ የሕክምና መሣሪያ ስለሆነ ከእጅ ሻንጣ ቁጥር አይገባም። ውሃውን ሙሉ በሙሉ ማፍሰስ እንዳትረሱ፣ ሲጋደም ወደ ሞተሩ ይገባል። የማሽኔ ኃይል መስጫ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፤ ስለዚህ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ በቃኝ። የእናንተን ጀርባውን አንብቡ። መብራት ቢጠፋ ብዬ የሊቲየም ባትሪ ይዤ ነበር። ባትሪ የሚሄደው በእጅ ብቻ ነው፣ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ ከሆነ አየር መንገዱን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። በባትሪ ስትተኙ ማሞቂያውን አጥፉ፣ ባትሪውን የሚጨርሰው እሱ ነው።

እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። የማሽኔ መመሪያ እስከ 2,591 ሜትር ስለሚል ከመሄዴ በፊት ባለሙያዋን ጠየቅኳት። ግፊቱ ትንሽ ሊያንስ ይችላል፣ ግን ተጠቀሚበት አለችኝ። የመጀመሪያውን ማታ እናቴ ክፍሌ ገብታ አየችኝ። ቱቦውን፣ ማስኩን፣ መብራቱን ዝም ብላ አየች። «ያማል ልጄ?» አለችኝ። «አሁን አያምም እማዬ» አልኳት። በመስቀሏ ማስኬን፣ ከዚያ ማሽኑን አማተበችበት። ጠዋት ቁርስ ስታቀርብልኝ «ሌሊቱን ተነስቼ በር ላይ ቆሜ ስሰማሽ ነበር። ትንፋሽሽ አልተቋረጠም» አለችኝ። ስለ ዱካክ ከዚያ በኋላ አንስታ አታውቅም።

አሁን ቁጥሬ በሰዓት 2 ወይም 3 ነው። ጠዋት ራሴን አያመኝም። ለሽንት አንዴ ብነሳ ነው። ከደም ግፊት መድኃኒቶቼ አንዱን ሐኪሜ ቀንሳልኛለች። መጥፎ ሌሊት የለም ማለቴ አይደለም። ጉንፋን ሲይዘኝ እቸገራለሁ፣ አንዳንዴ አሁንም አውልቄው አድራለሁ። ያን ጊዜ ራሴን አልወቅስም። በማግስቱ አስረዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ዳላስ ያለው ወንድሜ ደወለልኝ። ለእሱም ማሽን ከሰጡት አሥር ቀኑ ነው። «እቴ፣ ዓይኔ ውስጥ ይነፋብኛል። አጥብቄ አጥብቄ ፊቴ ሊሰነጠቅ ነው። ልመልሰው ነው» አለኝ።

«አሁን የት ነህ?» አልኩት።

«ሳሎን፣ ወንበር ላይ።»

«ማሽኑን ይዘህ መኝታ ቤት ግባ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገውና በጎንህ ተኛ። ማሰሪያውን ሁሉ አላላው።»

ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ማሽኑ ተነሳ። ፉ የሚለው አየር በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

«አሁን ማስኩን ከፊትህ ትንሽ አንሳውና ቀስ ብለህ መልሰው።»

ፉ ማለቱ ቆመ። ወንድሜ ለጥቂት ጊዜ ምንም አላለም። የሚሰማኝ ትንፋሹ ብቻ ነበር።